ሁለተኛው ሲዲ

ፊልሙን የገዛሁት ፒያሳ፣ ሲዲ በካርቶን ደርድሮ ከሚሸጥ አንድ ወጣት ነበር። ጊዜው 2001 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። «የቼ ጉቬራን ፊልም አለህ?» ስለው ካርቶኑን እስከ ሥሩ ጎርጉሮ አንድ ነጭ ፖስታ አወጣልኝ። በላዩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቼ 2» ተብሎ ተጽፎበታል። «አንደኛውስ?» አልኩት። «አንደኛው አልቋል፤ ግን ሁለተኛው ይሻልሻል፣ ሙሉ ጦርነት ነው» አለኝ። ይህን አምኖ የገዛ ሰው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው የሚያየው ሌላ ነው። ከሁለት ሰዓት በላይ ጢማቸው ያደገ፣ የራባቸው ሰዎች ጫካ ለጫካ ሲሄዱ፣ ሲያስሉ፣ ሲጠፋፉ፣ እንደገና ሲሄዱ።

ፊልሙን ለራሴ አልነበረም የፈለግሁት። ለአጎቴ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ «ጋሼ» ብቻ ነበር የምንላቸው፣ ስም አይጨመርበትም። ትዳር አልያዙም፤ ከእኛው ጋር ነው የኖሩት። በልጅነቴ ከመደርደሪያቸው አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አውርጄ ስገልጥ ከገጾቹ መሐል ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው ከመጽሔት ተቆርጦ የወጣ ሥዕል ነው፤ ኮከብ ያለበት ቆብ ያደረገ፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ወደ ሩቅ የሚመለከት ሰው። ሁለተኛው ካኪ የለበሱ ሦስት ወጣቶች ከአንድ ሣር ቤት ደጃፍ ቆመው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። መካከለኛው ጋሼ ናቸው። የግራና የቀኙን ማንነት ብጠይቅ «ጓደኞቼ ነበሩ» ብለው መጽሐፉን በቀስታ ከእጄ ወሰዱት። «ነበሩ» የምትለዋን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም።

የባለ ቆቡን ሥዕል የማያውቅ የለም። አልቤርቶ ኮርዳ የተባለው ኩባዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ውስጥ፣ «ላ ኩብሬ» በተባለችው መርከብ ፍንዳታ ለሞቱት ሰዎች በተደረገ የሐዘን ሥነ ሥርዓት ላይ ያነሣው ነው። ሰውዬው ከሞተ በኋላ ሥዕሉ ዓለምን ዞረ፤ ከአደባባይ ሰልፍ ወደ ካናቴራ፣ ከካናቴራ ወደ ቁልፍ መያዣ ወረደ። የእኛም ከተማ የሚኒባስ ታክሲዎች ከኋላ መስተዋታቸው ላይ ለጥፈውታል። ጋሼ እንዲህ ካለው ታክሲ ኋላ ስንቆም ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። የእሳቸው ትውልድ ይህን ስም የሰማው ከካናቴራ ላይ አይደለም። ተማሪ ሳሉ በሰልፍ ይዘምሩት የነበረው መዝሙር የቼን ስም ከሆ ቺ ሚን ስም ጋር አጣምሮ ይጠራ ነበር፤ ወጣቱን እንደነሱ ዱር ግባ የሚል መዝሙር። በዘመኑ የነበረ ሰው ዜማውን እስከ ዛሬ ያውቀዋል።

እንግዲህ ያን ምሽት ከጋሼ ጋር ተቀመጥን። መነጽራቸው ተሰብሮ ነበር። ፊልሙ የሚናገረው በስፓኒሽ ነው፤ ከሥር እንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ጋሼ ደግሞ ጽሑፉን ማንበብ አልቻሉም። ስለዚህ ከጎናቸው ሆኜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሹክሹክታ ተረጎምኩላቸው።

ስቲቨን ሶደርበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 በካን ፌስቲቫል ያቀረበው ይህ ሥራ በሁለት ክፍል የተሠራ፣ በድምሩ ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ነው። የመጀመሪያው ክፍል የኩባን ድል፣ ሁለተኛው የቦሊቪያን ሽንፈት ይተርካል። ቼን ሆኖ የሚጫወተው የፖርቶ ሪኮው ተወላጅ ቤኒሲዮ ዴል ቶሮ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በካን የምርጥ ወንድ ተዋናይነትን ሽልማት አግኝቶበታል። ዳይሬክተሩ አስቀድሞ የቀረጸው ሁለተኛውን ክፍል መሆኑን በኋላ ሳነብ የሲዲ ሻጩን ልጅ ይቅር አልኩት። እኛም የጀመርነው እሱ በጀመረበት በኩል ነበር፤ ሽንፈቱን ድሉ ሳይቀድመው አየነው።

ፊልሙ ሲጀምር ፊደል ካስትሮ በቴሌቪዥን የቼን የስንብት ደብዳቤ ያነባል። ከዚያ ራሰ በራ የሆነ፣ መነጽር ያደረገ አንድ ነጋዴ በሐሰተኛ የኡራጓይ ወረቀት ቦሊቪያ ይገባል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1966 ነው። ያ ነጋዴ ቼ ነው። ጋሼ አላወቁትም፤ «ይኸ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። ስነግራቸው ፈገግ አሉ። ሥዕሉን ያን ያህል ዓመት በመጽሐፍ ውስጥ ላስቀመጠ ሰው የመጀመሪያው ድንጋጤ ይህ ነበር፤ ቆብና ጸጉር የሌለው ቼ።

ጢሙና ጸጉሩ ካደገም በኋላ ዳይሬክተሩ ያንን ሥዕል አይመልስልንም። ካሜራው ፊቱ ላይ አይለጠፍም። ሁልጊዜ ከሌሎች መሐል፣ ከዛፍ ኋላ፣ ከሰልፉ መካከል ጎብጦ ሲራመድ ነው የምናገኘው። ማያው ከአንደኛው ክፍል የጠበበ ነው፤ ቀለሙ ደብዛዛና ቀዝቃዛ፣ ካሜራው ደግሞ በእጅ የተያዘ ስለሆነ ከሰዎቹ ጋር ይንገዳገዳል። የቀን ቁጥር እየተጻፈ ያልፋል፤ ከ1 ጀምሮ ከ300 በላይ ይደርሳል። ምክንያት አይነገረንም፤ ይህ ለምን ሆነ፣ ማን አጠፋ የሚል ድምፅ የለም። ብዙ ተቺዎች ይህንን ቅዝቃዜ ነው የነቀፉት። እኔ ደግሞ የፊልሙ ጨዋነት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። የሰውን የውስጥ ሐሳብ አውቃለሁ ብሎ አይዳፈርም። (አንድ ቦታ ግን ተሳስቷል፦ የሆሊዉዱን ማት ዴሞንን በአንድ ቄስ ልብስ ለጥቂት ደቂቃ ያመጣዋል። ያ የታወቀ ፊት ሲታይ ከጫካው ወጥተን ሲኒማ ቤት እንገባለን።)

ፊልሙ የተመሠረተው ቼ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 7 ቀን 1966 እስከ ኦክቶበር 7 ቀን 1967 በያዘው የዕለት ማስታወሻ ላይ ነው። ማስታወሻው ከሞቱ በኋላ በ1968 ሃቫና ላይ ታትሟል። ፊልሙን ካየሁ በኋላ ፈልጌ አነበብኩት፤ ያነበብኩትን ሁሉ ሳይሆን፣ ከአእምሮዬ ያልወጣውን ብቻ እዚህ አነሣለሁ።

በጃንዋሪ 1967 ሰዎቹ በሰፈራቸው ውስጥ የኬችዋ ቋንቋ ትምህርት ጀመሩ። ገበሬውን በቋንቋው ለማናገር ነው። ያሉበት የኛንካዋሱ አካባቢ ተወላጅ ሕዝብ የሚናገረው ግን ጓራኒ ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ብዙ ቆየሁ። ጥይትም፣ የአሜሪካ አሠልጣኞችም፣ የሥለላ ድርጅታቸውም ሳይመጡ በፊት፣ ገና ማንም ሳይነካቸው፣ በጫካ ውስጥ በትጋት የተሳሳተውን ቋንቋ ያጠኑ ነበር። በማለዳ ተነሥተው፣ ደብተር ይዘው።

የቀረውም ከዚህ የተለየ አይደለም። በዲሴምበር 31 ቀን 1966 የቦሊቪያ ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ማሪዮ ሞንሄ ሰፈር ድረስ መጥቶ «አመራሩ የእኔ ይሁን» አለ፤ ቼ እምቢ አለ፤ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ ሳይግባቡ ተለያዩ። በኤፕሪል 1967 ኋለኛው ጓድ በሆአኪን መሪነት ከዋናው ክፍል ተነጠለ፤ ለጥቂት ቀን የታሰበው መለያየት አራት ወር ሆነ። ሬዲዮ ስላልነበራቸው ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጫካ ውስጥ ሲፈላለጉ ከረሙ። በኦገስት 31 ቀን፣ ቀደም ሲል ልጆቹን አክመውለት የነበረ አንድ ገበሬ የሆአኪንን ሰዎች መርቶ ወታደሮች ወደ ሸመቁበት የወንዝ መሻገሪያ ወሰዳቸው። ከወንዙ የወጡ ጥቂቶች ናቸው። የቼ ክፍል በማግስቱ እዚያው ገበሬ ቤት ደረሰ፤ ቤቱ ባዶ ነበር። ሬዲዮ ስለ ጓዶቹ እልቂት ሲናገር ቼ ለብዙ ቀን ወሬውን አላመነም።

ዴል ቶሮ ይህንን ሁሉ የሚጫወተው በትንፋሽ ነው። የፊልሙ እውነተኛ ንግግር የቼ አስም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መድኃኒቱ የተደበቀበትን ዋሻ ሠራዊቱ ካገኘው በኋላ ሐኪሙ ራሱን ማከም የማይችል ሰው ሆነ። በኦገስት ወር ከማስታወሻው አንድ ቀን አለ፤ የምትሸከመው ባዝራ አልሄድ ስትለው በቁጣ አንገቷን በጩቤ ወጋት። ማታ ሰዎቹን ሰብስቦ በገዛ አፉ ራሱን ወቀሰ። የካናቴራው ሰው ባዝራ አይወጋም፤ ወግቶም አያፍርም።

ፊልሙ የዘለለውን ደግሞ መናገር አለብኝ። አንደኛው ክፍል ቼ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ቆሞ ሲናገር ያሳየናል፤ በ1959 ግን በላ ካባኛ ምሽግ በእሱ ኃላፊነት ሥር ስለተረሸኑት ሰዎች ምንም አያሳየንም። ይህን ያነሡ ተቺዎች ልክ ናቸው። ለእኛ ለአፍሪካውያን የሚቆጨው ሌላ መዝለል አለ። ቼ ከቦሊቪያ በፊት በ1965 ለወራት በምሥራቅ ኮንጎ ዘምቶ ነበር፤ እዚያም ተሸንፎ ወጣ፤ እዚያም ንግግሩ በአስተርጓሚ ነበር። ፊልሙ ከኩባ ድል ወደ ቦሊቪያ ሲሻገር ታንጋኒካ ሐይቅን በአየር ያልፈዋል። ቢያርፍበት ኖሮ፣ ቦሊቪያ ላይ የምናየው ዝምታ ሁለተኛው መሆኑን ባወቅን ነበር።

ዝምታ ስል የገበሬዎቹን ነው። በፊልሙ ውስጥ ታጣቂዎቹ ወደ መንደር በገቡ ቁጥር ካሜራው የሰዎቹን ፊት ያሳየናል። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ይቆማሉ። ይሰማሉ። ከአፋቸው የሚወጣ የለም። ማስታወሻው እንደሚለው በሴፕቴምበር 22 ቀን 1967 አልቶ ሴኮ በምትባል መንደር፣ ኢንቲ የተባለው ቦሊቪያዊ ታጋይ ትምህርት ቤት ውስጥ ለ15 ያህል ሰዎች ንግግር አድርጓል፤ ሰዎቹ በመደነቅ ዝም ብለው ሰሙ። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከዚያ አገር አንድም ገበሬ አልተከተላቸውም።

ጋሼ «እስቲ አቁሚው» ያሉት እንዲህ ያለው ትዕይንት ላይ ነበር። አቆምኩት። ሥዕሉ ረጋ፤ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ፣ ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ። ጋሼ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አዩዋቸው። ምንም ሳይናገሩ «ቀጥይ» አሉኝ።

ስለ አሟሟቱ ብዙ አልልም፤ የታወቀ ነው። በኦክቶበር 8 ከአንድ ሸለቆ ውስጥ ቆስሎ ተያዘ፤ ላ ኢጌራ በምትባል መንደር ከትምህርት ቤት አሰሩት፤ በማግስቱ አንድ የሃምሳ አለቃ ገብቶ ተኮሰበት። ፊልሙ ግን እዚህ ላይ፣ ከመጀመሪያው እስከዚያ ድረስ ርቆ የቆየው ካሜራ፣ በድንገት ወደ ሰውዬው ዓይን ውስጥ ይገባል። ወታደሩን በእሱ ዓይን እናያለን። ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ ብዥታ። ሬሳው ከሄሊኮፕተር እግር ላይ ታስሮ ሲነሣ የመንደሩ ሰዎች ቆመው ይመለከታሉ፤ አሁንም ዝም ብለው። ቫዬግራንዴ በተባለችው ከተማ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ላይ አጋድመው ለጋዜጠኞች ያሳዩት፣ አጽሙም እስከ 1997 ድረስ እዚያው ተቀብሮ የቆየው ያ አካል ነው። በእኛ አቆጣጠር የሞተው መስከረም 28 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ማስታወሻውን ሳነብ በየገጹ «1967» የሚለውን ባየሁ ቁጥር አእምሮዬ ወደ ራሳችን 1967 ይሄድብኝ ነበር። ምክንያቱም ያ የካኪው ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ በጋሼ እጅ የተጻፈው ቁጥር 1967 ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ጋሼ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «የዚያ አገር ባላገር መሬት ነበረው?» አላወቅሁም። ሳምንቱን ሳነብ ከርሜ መልሱን ይዤ መጣሁ። ቦሊቪያ በ1952 አብዮት አካሂዳ በ1953 የመሬት አዋጅ አውጃ ነበር። ብዙ ገበሬ መሬቱን በእጁ ይዟል። ፕሬዚዳንቱ ጄኔራል ባሪየንቶስም ኬችዋ የሚናገር፣ ከገበሬው ጋር የሚጨዋወት ሰው ነበር። ያንን ቋንቋ የሚያውቀው መንግሥት ነው፤ የሚያጠኑት ደግሞ ታጋዮቹ።

ጋሼ ሲሰሙኝ ቆዩና «እኛ የሄድንበት አገር ሰው ግን መሬት አልነበረውም» አሉ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ዘመቻው ነግረውኝ አያውቁም። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪው በአሥር ሺዎች እየሆነ ወደ ገጠር እንደዘመተ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። ጋሼ የደረሳቸው ወላይታ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ከአማርኛና ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቁም። በየካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ለገበሬው የማስረዳቱ ሥራ በእነሱ ላይ ወደቀ። አስተርጓሚ የተደረገላቸው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ ነበር።

«ዋርካ ሥር ሰብስበናቸው ተናገርኩ» አሉኝ። «ሩብ ሰዓት ያህል። ስለ ጭሰኝነት፣ ስለ ባላባት፣ ስለ ቻይና ገበሬ ሳይቀር ተናገርኩ። ከዚያ ልጁን ‹በል ተርጉም› አልኩት። ሦስት ቃል ብሎ ዝም አለ። ሰዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔ ደስ አለኝ፤ አጭርና ግልጽ ቋንቋ ነው ብዬ ቀጠልኩ። እንደገና ሩብ ሰዓት። እንደገና ሦስት ቃል። ማታ ልጁን ‹ምን ነበር ያልካቸው?› አልኩት። ‹እንግዳው ደክሞታል፣ የሚበላ ስጡት አልኳቸው› አለኝ።»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ቶሎ አቆሙ።

«ሰጡን እኮ» አሉ። «እንሰት ነው የሚበሉት፤ በልተን አናውቅም። የነበራቸውን አውጥተው ሰጡን። አንዲት አሮጊት በየማታው ታመጣ ነበር። ስሟን አልጠየቅኋትም። ብትነግረኝስ መች እሰማታለሁ?»

ከማስታወሻው የመጨረሻ ገጽ ላይ ያለችውን አሮጊት ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ቼ ከመያዙ በፊት በነበረው ቀን፣ ኦክቶበር 7፣ ፍየል የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት ወደተጠለሉበት ሸለቆ ትመጣለች። መንገድ ጠይቀዋት የረባ መልስ አታገኝላቸውም። ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ፤ አንዷ ልጅ በሽተኛ፣ ሌላዋ ድንክ ናት። ለማንም እንዳትናገር ብለው 50 ፔሶ ሰጧት፤ ቼም ቃሏን ትጠብቃለች ብሎ እምብዛም ተስፋ እንደሌለው ጽፏል። ጽሕፈቱ በዚያው ቀን ያበቃል።

«50 ፔሶ» አሉ ጋሼ። ቀጥለውም «እሷስ ስለነሱ ምን ጻፈች?» አሉኝ። መጻፍ እንደማትችል እያወቁ ነው የሚጠይቁኝ።

ይህን ሁሉ ካወሩኝ ዘንድ ብዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ላይ የነበረውን ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ሁለቱ ጓደኞችዎስ?»

ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቢሆንም ፉት አሉ። የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሱት። ከዚያ፣ «በግራ በኩል ያለው ወላይትኛ ለምዶ ነበር» አሉኝ። «በስድስት ወር። እናቶቹ ከአፉ እየሰሙ ይስቁለት ነበር። ልጁን እንኳ አስተርጓሚነቱን አስተወው፤ አዋጁን ራሱ ነበር የሚያስረዳቸው።» ትንሽ ቆይተው፣ «በደንብ ለምዶ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለተፈጸመው አልነገሩኝም፤ ከዘመቻው ተመልሰው በመጡት ዓመታት ውስጥ በአዲስ አበባ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለምና እኔም አልጠየቅሁ።

ጋሼ በ2010 ዓ.ም. አረፉ። አንደኛውን ክፍል ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ገበሬዎቹ ይመጣሉ፤ ይናገራሉ፤ ይሳደባሉ፤ ጠመንጃ ስጡን ይላሉ። አንድ ዓይነት ሰው፣ አንድ ዓይነት ጢም፣ ተመሳሳይ ንግግር፤ ግን የሚመልስለት አለ። በዚህ ዓመት ሁለቱን ክፍሎች በተራቸው እንደገና አየኋቸው። ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ ከሞቱ በኋላ፣ ፊልሙ ወደ 1956 ተመልሶ ቼን ወደ ኩባ በምትጓዘው «ግራንማ» ጀልባ ላይ ያሳየናል፤ ወጣት ነው፣ ገና ምንም አልሆነም፣ ጓደኞቹን ቁጭ ብሎ ይመለከታል። የሚናገር ሰው የለም። ከሥር የሚጻፍ ትርጉምም የለም። እዚያ እስክደርስ ድረስ፣ ለካ ብቻዬን በተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ስተረጉም ቆይቻለሁ።